ዓይኗን የምትሰማው መምህርት

መምህርቷ ዓይኖቿ ሲንቀሳቀሱ ትሰማለች። ቀልድ አይደለም። ወደ ግራ ስታይ ሸርተት፣ ወደ ቀኝ ስታይ ሸርተት፤ ደረቅ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ፣ ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ። መጀመሪያ የሰማችው ከክፉ ጉንፋን ተነሥታ፣ አልጋ ላይ ጋደም ብላ መጽሐፍ ስታነብ ነበር። አንዱን መስመር ጨርሳ ወደሚቀጥለው ስትሻገር ሸርተት አለ። አይጥ የገባ መስሏት ተነሥታ ቁም ሣጥኑን አናወጠችው፤ አይጥ የለም። ተመልሳ ስታነብ አሁንም ሸርተት። ዓይኗን ጨፍና ከዓይን ቆቧ ሥር አንከባለለችው። አይጧ እሷው ራሷ ነበረች።

ሲነጋ ለባሏ ነገረችው። ሻይ እየጠጣ ነበርና ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። «ምን? ዓይንሽን? በጆሮሽ?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ደግ ሰው ነው፤ ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ሲስቅ ግን ልክ የለውም። እሷም አብራው ሳቀች። ምን ታድርግ? እንኳን ለእሱ ለራሷም አልታመን ብሏታል።

ነገሩ በዓይን ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። ዳቦ ስታኝክ ጭንቅላቷ ውስጥ ወፍጮ ይነሣል፤ ስትራመድ ተረከዟ ግንድ እንደሚፈልጥ መጥረቢያ ይመታል፤ ልቧ ሲመታ ይሰማታል። ከሁሉ የከፋው የገዛ ድምፅዋ ነው። አንዲት ቃል ስትወጣት፣ ራሷን ባዶ በርሜል ውስጥ ከትታ የተናገረች ያህል ይጮኽባታል። አስተማሪ ደግሞ ያለ ድምፅ ምን አለው? ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ቆማ «ዝም በሉ!» ስትል መሬቱ ይዞርባትና ሰሌዳውን ትደገፋለች። እየቆየ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ለመደች፤ ዝቅ፣ ደግሞ ዝቅ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያሉት ልጆች የአፏን መንቀሳቀስ ብቻ እያዩ የሚስቁባት እስክትሆን ድረስ። ርዕሰ መምህሩ በጨዋ ደንብ «ትንሽ ዕረፍት ያስፈልግሻል» አሏት። ዕረፍቱ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

የባሏ ታላቅ እህት «ራዳር» የሚል ስም አወጣችላት። «ራዳር፣ እስቲ አዳምጪ፣ ጎረቤት ምን እየተባለ ነው?» ትላለች፣ በመጣች ቁጥር። የሚያስቀውም የሚያናድደውም፣ ጎረቤት የሚባለው ስለ ራዳሯ መሆኑ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ያቺ ምስኪን፣ አእምሮዋን ነክቷት ከሥራ የወጣችው» ሲላት ዓይኗን የምትሰማው ሴት ይህን ሳትሰማ ቆየች። የገባት አንዲት የቀድሞ ተማሪዋ መንገድ ላይ አይታት ተሸማቅቃ ስትሸሽ ነው። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ኪኒን ታዘዘላት። ኪኒኑ ያንቀላፋታል። ዓይኗ ግን አላንቀላፋም፤ ሸርተት ማለቱን ቀጠለ።

መዳን እንኳ ትታዋለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው፣ ያውም ባሏ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ «አዎ፣ ትሰሚያለሽ» እንዲላት። ይህን ለማለት ደግሞ ከእሱ የቀረበ ሰው በምድር ላይ የለም፤ ምክንያቱም ባልየው የሆስፒታሉ የሲቲ ስካን ባለሙያ ነው። ሰውን ማሽን ውስጥ አስገብቶ የውስጡን የሚያወጣ። ሐኪሞቹ «ሰዓሊው» ነው የሚሉት። ከእሱ እጅ የወጣ ሥዕል ጥርት፣ ልስልስ ያለ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ሻካራ፣ አሸዋ የተነሰነሰበት አይመስልም። በዚህ ስሙ ይኮራል፤ ቢኮራም አይፈረድበትም።

ታዲያ ያኔ በመጀመሪያው ዓመት፣ ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ አዝኖላት ወስዶ በራሱ እጅ አነሣት። ሲመለስ ሥዕሉን ይዞ መጣ፤ መስኮቱ ላይ ለጥፎ በብርሃኑ አሳያት። «ንጹሕ ነሽ። እይው እንዴት እንደሚያምር! እንዲህ ያለ ጆሮ አይቼ አላውቅም።» ሐኪሞቹም አዩት፤ ንጹሕ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ለምትናገረው ሁሉ መልሱ ያ ሥዕል ሆነ። «ሰማሁ» ስትል «ታይተሽ የለ እንዴ?» ይሏታል። ባልየውም አይቆጣም፣ አይሰድብም፤ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «ያልፍልሻል» ይላል። ይህ መታ መታ ነበር አንጀቷን የሚያቆስለው። ቢሰድባት በተሻላት።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ሆስፒታሉ አዲስ ማሽን አስገባ። ሰዓሊው እራት ላይ ወሬው ሁሉ ማሽኑ ሆነ። አዲሱ ከአሮጌው የሚለየው ጨረሩን በሚቀበልበት ክፍል ነው፤ ዲቴክተር ይሉታል። ግን በእውነት ምን ያህል ይበልጣል? አስተዳደሩ ይህን ሳያረጋግጥ አሮጌውን ሊያወልቅ አልፈለገም። ስለዚህ አንዲት የፊዚክስ ባለሙያ ተመደበች፤ ፈቃደኛ ሰዎች በአንድ ቀን በሁለቱም ማሽን እንዲነሡና ሥዕሎቹ ጎን ለጎን እንዲታዩ። መፈተኛው ጆሮ ሆነ። በሰው ገላ ውስጥ እንደ ጆሮ አጥንት ደቃቅና አስቸጋሪ ነገር የለም።

«የታመመ ጆሮ ሞልቶናል፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ጤነኛ ጆሮ ግን አጥተን ነበር» አላት አንድ ማታ፣ ዳቦ እየቆረሰ። «እኔም ያንቺን ሰጠሁ።»

መምህርቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጤነኛ?»

«አዎና! ከዚህ በፊት ታይቶ ንጹሕ የተባለ ጆሮ ነው የተፈለገው። ያንቺን የሚያህል ከየት ይመጣል?»

ሰው ከሚስቱ ጋር እየኖረ እንዲህ ይላል? ይላል። ከሦስት ዓመት እንባ በኋላ፣ ከአገሩ ሰው ሁሉ መርጦ ጤነኛ ብሎ ያቀረበው እሷን ነው፤ ያውም በፍጹም ቅንነት። መምህርቷ ልትቆጣ አሰበችና ድካሟ በለጣት። «እሺ» አለች በዚያ ዝቅተኛ ድምፅዋ። ካበደችም በደንብ ታይታ ትበድ፤ እንዲህ ነበር ያሰበችው።

በቀጠሮው ቀን መጀመሪያ አሮጌው ማሽን ያለበት ክፍል አስገቧት። ግድግዳው ብዙ ጊዜ የተቀባ፣ የአልጋው ቆዳ ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ጆሮዋ ላይ ያጠለቀችውን ጌጥ አወለቀች፤ ራሷን በስፖንጅ መደገፊያ መካከል አጣብቀው አስተኟት። በድምፅ ማጉያው «አይንቀሳቀሱ፤ ዓይንዎንም ቢሆን» የሚል ድምፅ መጣ። የባለሙያዋ ነው። ሰዓሊው ዛሬ ሰው ማስተናገድ እንጂ ሥዕል መንካት አልተፈቀደለትም፤ ሁለቱ ማሽኖች በእኩል እንዲዳኙ ሥዕሉን የምታወጣው ባለሙያዋ ብቻ ናት። መምህርቷ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተከለች። ማሽኑ ዙሪያዋን እየዞረ ሲያጓራ፣ ከማጓራቱ በላይ የምትሰማው የልቧን ምት ነበር።

አዲሱ ክፍል ገና የቀለም ሽታው አልለቀቀም። አልጋው ላይ ስትወጣ ባለሙያዋን «ምን ይለየዋል?» አለቻት፤ ለወጉ ያህል።

ባለሙያዋ ቀጭን፣ ችኩል፣ ስትናገር እጇን የምታወናጭፍ ልጅ ናት። «እንዴት ልበልዎት... አሮጌው ጨረሩ ሲመጣለት መጀመሪያ ወደ ብርሃን ይቀይረዋል፤ ከዚያ ብርሃኑን ሰብስቦ በጅምላ ይለካዋል። እህል በጆንያ እንደ መመዘን ነው። ስንት ኪሎ እንደሆነ ይነግርዎታል፤ ውስጡ ምን ምን እንዳለ ግን አያውቅም፤ ገለባውም አብሮ ይመዘናል። አዲሱ ደግሞ ጆንያውን ዘርግፎ ፍሬ ለፍሬ ይቆጥራል። የትኛው ፍሬ ብርቱ፣ የትኛው ደካማ እንደሆነ ያውቃል፤ ገለባውን ያበጥረዋል። ስለዚህ ሥዕሉ ደቃቅ ነገር ይይዛል፣ ጨረሩም ያንሳል።»

«ፍሬ ለፍሬ» አለች መምህርቷ። እሷን በጆንያ የመዘናት ሰው ብዙ ነው። ይህን ግን አልተናገረችም፤ ተኛችና ዓይኗን ተከለች።

ሲያበቃ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጧት። ባሏ ሽልማት እንደተሰጠው ሰው እየተፍለቀለቀ ውሃ አመጣላትና ወደ ሌሎቹ ፈቃደኞች ሄደ። ቆየች። ከበሩ ወዲያ የሚያወሩት ሰዎች ድንገት ዝም አሉ። የበሩ እጀታ ዞሮ ሽበታም ሐኪም ብቅ አሉ፤ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮው ትልቁ ሐኪም ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል። አጠገቧ ቁጭ አሉና ወደ ግራ ወደ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትስቂብኝ። ዓይንሽን ስታንቀሳቅሺ ድምፅ ትሰሚያለሽ?»

መምህርቷ ክው አለች። ውሃው ከእጇ ወድቆ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ፤ እሷ አላየችም፣ እሳቸውም እግራቸውን አላነሡም። ለሰው ሁሉ ስትለምንበት የኖረችው ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ያውም እሷ ሳትናገር፣ ያውም በጥያቄ።  ከዚያ የመጣላት ሐሳብ መጥፎ ነበር። ባሏ ነግሯቸው ሊሳለቁባት መሰላት።

«ማን ነገረዎት?» አለች።

«ማንም አልነገረኝ። ሥዕሉ ነው የነገረኝ። ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ።»

«ስታኝኪስ? ስትራመጂ? ስትጮኺ ይዞርብሻል?»

በእያንዳንዱ ራሷን ነቀነቀች። ሰውየው ከእሷ ጋር ሦስት ዓመት አንድ ቤት የኖሩ ይመስል ነበር። ዓይኗን ግንባር ያርገው፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕልሟም አይታ አታውቅም።

ሐኪሙ እጇን ይዘው ሥዕሉ ወዳለበት ክፍል አስገቧት። ባለሙያዋ ከስክሪኖቹ ፊት ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ሐኪሙ ከኪሳቸው ባለ ሁለት ጣት ብረት አወጡ፤ ጉልበታቸው ላይ መታ አድርገው፣ ብረቱ እየዘመረ፣ እግሩን የመምህርቷ ቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ ተከሉት።

«የት ተሰማሽ?»

«ጆሮዬ ውስጥ!» አለችና ራሷን ያዘች። ከቁርጭምጭሚቷ የተነሣው ዜማ ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ እንደ ደወል ያቃጭላል። ሐኪሙ ብረቱን ደግመው መቱና የባለሙያዋ ቁርጭምጭሚት ላይ አደረጉት። ባለሙያዋ «ኧረ ይኮረኩራል» ከማለት በቀር ምንም አልሰማችም።

«አየሽ?» አሉ ሐኪሙ። «ሰው በእግሩ አይሰማም። አንቺ ትሰሚያለሽ።»

በዚህ መካከል ሰዓሊው በሩን ከፍቶ ገባ። «የኔ ጤነኛ እንዴት ሆነች?» ብሎ ጀመረና የሁሉንም ፊት አይቶ ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

ሐኪሙ ወደ ስክሪኑ አመለከቱ። አዲሱ ማሽን ያወጣው ሥዕል ነው፤ የአጥንቱ ጠርዝ በብዕር የተሰመረ ይመስላል። «ጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁ ሦስት ቀለበቶች አሉ። የላይኛው ቀለበት የአጥንት ጣሪያ አለው። የሚስትህ ጣሪያ እዚህ ጋ የለም። ቀዳዳ ነው፤ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጥ። ጤነኛ የውስጥ ጆሮ ሁለት መስኮት ነው ያለው፤ የሷ ሦስተኛ ከፍቷል። በሦስተኛው መስኮት የገዛ ገላዋ ድምፅ ሁሉ ይገባል፤ ዓይኗም፣ ልቧም፣ የራሷ ንግግርም።»

«እብድ አይደለሁም?» አለች መምህርቷ።

«ለእብደትማ ካንቺ ይልቅ እኔ እቀርባለሁ» አሉ ሐኪሙ። «በቀዶ ጥገና ይደፈናል።»

ሰዓሊው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።  ሚስቱን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ደግሞ ሚስቱን አየ። ከዚያ ተነሥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ፤ ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን ያለቅስ ጀመር። «ትሰሚያለሽ» አላት። «እውነትሽን ነው። ትሰሚያለሽ!»

ይኸው ተባለ። ዓይን ዓይኗን እያየ ተባለ።  ሦስት ዓመት የተሸከመችው ድንጋይ ከላይዋ ወረደ።

«ያ አሮጌ ዕውር!» ይላል ባልየው ፊቱን በክንዱ እየጠረገ። «እኔ ምን ላድርግ፣ አሮጌው ማሽን ዕውር ነው! እንዴት አድርጌ ልየው? ባይሆን አሁን አየነው፤ ዕድሜ ለአዲሱ!»

«አንተ ምን ታደርግ» አለች እሷም፣ ጉንጩን እየዳሰሰች። «ያላሳየህን።» ከልቧ ነበር። ማሽን ሲጠየቅ ሰው ነፃ ይወጣል፤ እንዴት ደስ ይላል! ያን ሁሉ መታ መታ፣ ያን ሁሉ «ታይተሽ የለ»፣ ሁሉንም አሮጌው ብረት ላይ ጭና ልትገላገል ነበር። ቤቷ ሊመለስላት ነበር።

የፊዚክስ ባለሙያዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ክፋት አስባ አይደለም፤ ሥራዋ ማወዳደር ነው፣ ነገር በግማሽ ሲነገር ደግሞ ያሳክካታል። «ይቅርታ ጋሼ፣ ዕውር እንኳ አይባልም» አለች። «ይኸው የአሮጌው፣ የዛሬው።» ግራውን ስክሪን ከፈተች።

ሥዕሉ ሻካራ ነው፤ አሸዋ የተነፋበት ይመስላል። የአጥንቱ ጠርዝ እንደ አዲሱ አልተሰመረም፣ ደብዝዟል። ሆኖም ባለሙያዋ ጣቷን በጠቆመችበት ቦታ፣ ነጩ ጣሪያ ተቋርጦ ጥቁር ነገር ይታያል። ያው ቦታ ነው። ያው ቀዳዳ ነው።

«በዚህ ብቻ ቢሆን አልምልም ነበር» አሉ ሐኪሙ ሚዛን ለመጠበቅ። «አሮጌው ስስ አጥንትን አንዳንዴ ቀዳዳ ያስመስለዋል፤ ለማረጋገጥ አዲሱን የሚያህል የለም። ግን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካየሁ፣ ሰውዬውን ጠርቼ እጠይቀዋለሁ። ዛሬ እሷን እንደጠየቅኋት።»

መምህርቷ እጇን ከባሏ ጉንጭ ላይ ቀስ ብላ አወረደች። «ታዲያ ያኔ ለምን አልታየም?»

«መቼ?» አለች ባለሙያዋ።

«ከሦስት ዓመት በፊት። በዚሁ በአሮጌው ተነሥቼ ነበር።»

ባለሙያዋ ኪቦርዱን መታ መታ አድርጋ የድሮውን ሥዕል ፈልጋ አወጣችው። ልስልስ ያለ ነው። አንዲት ሻካራ ነጥብ የለችበትም፤ ጣሪያውም ሙሉ ነው፣ ድፍን ያለ ነጭ። «አሃ» አለች ባለሙያዋ፤ ችኩል ናትና የክፍሉን ዝምታ አላስተዋለችም። «ይሄማ ሥዕሉ እንደ ዳቦ በወፍራም ቁራጭ ተቆርጦ፣ ከዚያ ደግሞ ለስልሷል። አሮጌው ስስ አድርገው ሲቆርጡት ይሻክራል፤ እሱን ለመሸሽ ነው። እዩ፣ የዛሬውንም እንዲህ ሳደርገው ምን እንደሚሆን።»

አንዱን ቁጥር ቀየረች፣ ሌላውን ቀየረች። ግራው ስክሪን ላይ የነበረው አሸዋ ጠፋ። ሥዕሉ ጥርት አለ፣ አማረ። ጥቁሯ ነገርም መጀመሪያ ግራጫ ሆነች፣ ከዚያ ነጣች፣ ከዚያ የለችም። መምህርቷ የገዛ ቀዳዳዋ ዓይኗ እያየ በቀለም ሲለሰን ተመለከተች።

«ለአንጎል ቢሆን ጥሩ አሠራር ነው» ቀጠለች ባለሙያዋ። «ለጆሮ ግን እንዲህ አይደረግም፤ ደቃቁ ነገር ሁሉ ይበላል። ማነው የሠራው?»

 ሐኪሙ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ይጠርጉ ጀመር። ባለሙያዋ ዞር አለች፤ የሰውዬውን ፊት አየች፤ እጇ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

መምህርቷ ዓይኗን ወደ ባሏ አዞረች። ዓይኗ ሲዞር ሰማችው።

«አንተ ነህ» አለች።

ሰዓሊው ኩም ብሎ ቆሟል።  «መጀመሪያ በስሱ ነበር ያወጣሁት» አለ፣ ለሰው ሳይሆን ለወለሉ። «እንደሚገባው። በጣም ሻከረ። ሐኪሞቹ ሁሉ ተሰብስበው ሊያዩት ነው። የሌላ ሰው ቢሆን እንደዚያው እሰጠው ነበር፤ ግድም አልነበረኝ። ያንቺ ነው። የሰዓሊው ሚስት ሥዕል እንዲህ ይምጣ? አልኩ። አለሰለስኩት። ከማንም አብልጬ... እንዲያምር ብዬ ነው። ላንቺ ብዬ ነው።»

«በስሱ ባወጣኸው ጊዜ» አለች፣ ቃል በቃል እየለየች፣ «ጥቁሯን ነገር አይተሃት ነበር?»

  ሐኪሙም፣ ባለሙያዋም፣ «አላየሁም» እንዲል በልባቸው እየለመኑለት ነበር፤ መምህርቷም ጭምር።

«አይቻት ነበር» አለ። «ነጠብጣብ መስላኝ ነው። ከነጠብጣቡ አንዷ። እሷ እንድትጠፋ ጭምር ነው ያለሰለስኩት።»

ሰው ስንት ጊዜ ይደነግጣል በአንድ ቀን? መምህርቷ ዛሬ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ የሚያስደነግጣት ነገር ያለቀ መስሏት ነበር። ሐኪሙ ሲጠይቋት ደነገጠች፣ ያ የደስታ ነው። ይኼኛው ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ከእግሯ ጀምሮ ነው የወጣው፣ ቅዝቃዜ ሆኖ። ኪኒኑን አሰበች። ባዶውን የመማሪያ ክፍል አሰበች። ራዳር፣ ራዳር። አንድ ሰው፣ እሱም የሚወዳት፣ እሱም ለእሷ ብሎ፣ እውነቷን በእጁ ይዟት ነበር፤ ጥሩ ሥዕል አታበላሽብኝ ብሎ ደመሰሳት። ልቧ እንደ መዶሻ ሲመታ ጆሮዋ ውስጥ ይሰማታል። የሚሰማው እሷ ብቻ ናት።

«የአሮጌው ጥፋትም አለበት» አሉ ሐኪሙ ዝግ ብለው። «አዲሱ ቢኖር ኖሮ ማለስለስም ባላስፈለገው። ሻካራነቱ ነው ያሳሳተው። ማንኛውም ባለሙያ...»

«ዶክተር» አለች መምህርቷ፣ «ማሽኑን ይተዉት።» ከዚያ ወደ ባሏ። «እኔ ነግሬህ ነበር። በአፌ። ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ፣ በየትኛው ጆሮ እንደሆነ። ማን ይናገር የነበረ ይባል የለ? የነበርኩት እኔ ነኝ። አሮጌም አዲስም ማሽን የማይፈልግ ነገር ነበር። ሥዕሌን ያየኸው ነጠብጣቡን ልታጠፋ ነው፤ እኔ የምልህን ይዘህ ብታየው ኖሮ ነጠብጣብ አትላትም ነበር።»

ይህን ሁሉ የተናገረችው በዚያ በሹክሹክታ ድምፅዋ ነው። ሰዓሊው ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረበት፤ አለም። አንድ ቃል አላመለጠውም። ሲያበቃ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ጩኺብኝ» አላት። «ስደቢኝ። በሰው ፊት አዋርጂኝ። እንዲህ ዝቅ አድርገሽ አትናገሪኝ፤ አልችለውም። እባክሽ ጩኺብኝ።»

«መጮህ አልችልም» አለች። «ብጮህ የምደነቁረው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። ሦስት ዓመት ያልጮኽኩት ለምን መሰለህ?»

ባልየው እጁን ከፊቱ አነሣ። ይህን አስቦት አያውቅም፤ ከፊቱ ይነበባል። ሚስቱ እያደር ዝግ፣ ጭምት፣ ትዕግሥተኛ የሆነች መስሎት ነበር። እንዲያውም በዚህ ባሕርይዋ ለእህቱ ሁሉ ያመሰግናት ነበር።

«ይቅር...» ብሎ ጀመረ።

«አሁን አይደለም» አለችው። «ይድፈኑልኝ። ቁስሉ ይሻርልኝ። ከዚያ እቤታችን ሳሎን መካከል ቆሜ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን እጮኽብሃለሁ። ጮኼ ስጨርስ ይቅርታህን እሰማለሁ። ከዚያ በፊት ምንም እንዳትለኝ።»

ሰዓሊው የጀመረውን ቃል ዋጠው።

መምህርቷ ወደ ሐኪሙ ዞረች። ግራው ስክሪን ላይ ያ ልስልስ ሥዕል አሁንም በርቷል።

«ለመቼ ነው፣ ዶክተር?» አለች። «ቅርብ ቀን ይሁንልኝ።»